«ጥናት የለም» ከማለታችሁ በፊት፦ በምን ስም ፈለጋችሁት?

በዚህ አገር ስለ ጤና የሚጽፍ ጋዜጠኛ በየሄደበት የምትገጥመው አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «በዚህ ጉዳይ ላይ እስካሁን የተሠራ ጥናት የለም» ትላለች። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ይላታል። የወረዳ ኃላፊ ይላታል። አንዳንዴ ሐኪምም ይላታል። ከዚያ በኋላ ጠያቂው ዝም ይላል። ጥናት ከሌለ በምን ይከራከራል?

የዛሬው ሐሳቤ አጭር ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለችም። ተናጋሪው ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። ምናልባት በቅንነት ፈልጎ አጥቶ ይሆናል። ግን የፈለገው በሌላ ስም ነው። የሕክምና ጽሑፎች የሚቀመጡበት ዓለም ለእያንዳንዱ በሽታ የራሱ የመዝገብ ስም አለው፤ ያንን ስም የማያውቅ ሰው በር ላይ ቆሞ «ቤቱ ባዶ ነው» ብሎ ይመለሳል።

«ይሄ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ታገሡኝና ከአቃቂ ልጀምር።

🔹 ጥጥ፣ ብናኝ እና ሰኞ

አቃቂን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ፣ በፋብሪካ ዙሪያ ያደገች ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ መለዋወጫው፣ መጋዘኑ ሁሉ እዚህ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አባት ፈትል ክፍል፣ ልጅ ሽመና ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡበት ቤት ሞልቷል። ሳል ያልገባበት ቤት ግን ጥቂት ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ አንድ ቀን ጠየቀኝ። «የጥጥ ብናኝ ሳንባ እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ እዚህ አካባቢ የተጠና ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ» አለ። ስልኩን አሳየኝ። በእንግሊዝኛ «ሳል»፣ «ብናኝ»፣ «አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ» ብሎ ጽፏል። የመጣለት የመንገድ ግንባታ ዜና፣ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያና የአየር ትንበያ ነው።

ጥናቱ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1991፣ ማለትም በ1983 ዓ.ም.፣ «ብሪቲሽ ጆርናል ኦቭ ኢንደስትሪያል ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ታትሟል። አጥኚዎቹ በአቃቂ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ 595 ሠራተኞችን መርምረዋል። በአየር ውስጥ ያለውን ብናኝም ለክተዋል። የጥጡ እሽግ ተፈትቶ በሚናፈስበት ክፍል ከሚሠሩት መካከል 43.2 በመቶ፣ ካርዲንግ ክፍል ከሚሠሩት ደግሞ 37.5 በመቶ በጥጥ ብናኝ የሚመጣው የሳንባ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። የብናኙ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊ ግራም ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ለክር ፋብሪካዎቿ ያወጣችው ጣሪያ 0.2 ሚሊ ግራም ነው።

ቁጥሮቹን ደግማችሁ አንብቧቸው። በአንድ ክፍል ከአሥር ሰው አራቱ። የተለካው ዝቅተኛው ብናኝ እንኳ ከዚያ ጣሪያ ከአራት እጥፍ በላይ። ይህ ሁሉ የታተመው ያ ወጣት ከመወለዱ በፊት ነው። ሙሉ ጽሑፉም ዛሬ በነፃ ይነበባል።

ታዲያ ለምን አጣው? ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ ሦስቱም የስም ጉዳይ ናቸው።

አንደኛ፣ የጥናቱ ርዕስ የሚናገረው «በኢትዮጵያ የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ስለሚታዩ የመተንፈሻ ችግሮች» ነው። ርዕሱ ላይ «ሳል» የለም፣ «ብናኝ» የለም፣ «አቃቂ» የለም።

ሁለተኛ፣ «አቃቂ ቃሊቲ» የሚባል ክፍለ ከተማ በዚያን ጊዜ አልነበረም። አዲስ አበባ በክፍለ ከተማ የተደራጀችው ጥናቱ ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የአስተዳደር ስም በየዘመኑ ይቀየራል፤ የታተመ ጽሑፍ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ስሙን አያስተካክልም። መጽሔቱ ራሱ እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሙን ለውጧል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ በሽታው የራሱ የመዝገብ ስም አለው። «ቢሲኖሲስ» ይባላል። በጥጥ ብናኝ ምክንያት የሚመጣ የደረት መጨነቅ ነው። ሠራተኛው የዕረፍት ቀኑን አሳልፎ ወደ ሥራ በተመለሰበት የመጀመሪያ ቀን ስለሚብስበት በሌላው ዓለም «የሰኞ ትኩሳት» እየተባለም ሲጠራ ኖሯል። አቃቂ ውስጥ «ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል» የሚል ጡረተኛ ብትሰሙ የሚነግራችሁ ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ የተገለበጠ የሚመስል ምልክት ነው። እሱ «ብርድ ነው» ይላል። መዝገቡ «ቢሲኖሲስ» ይላል። በሁለቱ መካከል ድልድይ የለም።

🔹 መለያ ቃል ምንድን ነው?

የዓለም የሕክምና ጽሑፍ በብዛት የሚፈለግበት ቋት ፐብሜድ ነው። ከ37 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ተመዝግበውበታል፤ ለመፈለግ ክፍያ አይጠይቅም፤ ስልክ ያለው ሁሉ ይከፍተዋል። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው።

ይህ ተቋም አንድ ነገር ቀደም ብሎ ገብቶታል። ሰዎች አንዱን በሽታ በአሥር ስም ይጠሩታል። አንዱ ሐኪም «የልብ ድካም» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው የላቲን ስሙን ይጠቀማል፣ ሦስተኛው በምህጻረ ቃል ያልፈዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1960 የመጀመሪያውን የርዕሰ ጉዳይ መለያ ቃላት መዝገብ አወጣ። ባለሙያዎች «ሜሽ» ይሉታል። ዛሬ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ መለያ ቃላት አሉት፤ በየዓመቱም ይታደሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ጽሑፍ ሜድላይን ወደሚባለው የቋቱ ዋና ክፍል ሲገባ ይዘቱ ታይቶ ከመዝገቡ ውስጥ የሚስማሙት መለያዎች ይሰጡታል። ጸሐፊው በሽታውን በፈለገው ስም ይጥራው፣ መለያው አንድ ነው። ለረጅም ዓመታት ይህን ሥራ የሚሠሩት አንባቢ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ግን ሥራው በአብዛኛው ወደ ኮምፒዩተር ተላልፏል፣ ሰውም ከፊሉን ይከልሳል።

መለያዎቹ ተበታትነው አልተቀመጡም። እንደ ዘር ሐረግ ናቸው። «የሳንባ በሽታዎች» የሚል ትልቅ አባት አለ። ከሥሩ በብናኝ የሚመጡ የሳንባ በሽታዎች ይወለዳሉ። ከእነሱ ሥር «ቢሲኖሲስ» ይገኛል። ይኸው ልጅ በሌላ በኩል «በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች» ከሚለው ቤተሰብም ይቆጠራል። በአባቱ ስም ስትፈልጉ ፐብሜድ ልጆቹን ሁሉ ይዞላችሁ ይመጣል። ስለዚህ ጠባቡን ስም ባታውቁ እንኳ ትክክለኛውን አባት ካወቃችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ያ ወጣት «ሳል» በሚለው ምትክ «በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች»፣ «የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ» እና «ኢትዮጵያ» የሚሉትን ሦስት መለያዎች ቢያገናኝ ኖሮ ከአቃቂው ጥናት ጋር ለመገናኘት ሩቅ መንገድ አልነበረበትም።

🔹 የእኛ ስምና የእነሱ ስም

አማርኛ ተናጋሪ ፈላጊ ደግሞ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። የበሽታ ስሞቻችን ቃል በቃል ሲተረጎሙ ወደ ሌላ አገር ይወስዳሉ።

የሳንባ ነቀርሳን ተመልከቱ። ለብዙዎቻችን «ነቀርሳ» ካንሰር ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ሐኪሙም ሕዝቡም የሚያስበው ቲቢን ነው። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው የሳንባ ካንሰር ጽሑፎችን ሰብስቦ ስለ ቲቢ ሊጽፍ ይችላል። በነገራችን ላይ በመዝገቡ ውስጥ የካንሰር ስሙ እንኳ «ካንሰር» አይደለም፤ «ኒዮፕላዝምስ» ነው።

«የወፍ በሽታ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የዶሮ ጉንፋን ያገኛል፤ እናቶቻችን ግን የሚሉት ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን ነው። «አልማዝ ባለ ጭራ» ከአልማዝም ከጭራም ጋር ዝምድና የለውም፤ «ሄርፐስ ዞስተር» ነው። «ቁንጭር» በመዝገቡ «የቆዳ ሌሽማኒያሲስ» ነው። «ደም ብዛት» እና «ስኳር» ማለትማ ልማድ ሆኖብን የሚያመጣውን ችግር እንኳ አናስተውለውም።

ጫት ደግሞ የራሱ ቀልድ አለው። የእኛ አገር አጥኚዎች በቀድሞ ጽሑፎቻቸው ጫትን በእንግሊዝኛ ሲጽፉት፣ ፊደሉ «ማውራት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ሆኖ ያርፋል። ዛሬ ያንን ቃል ብትጽፉ ስለ ኮምፒዩተር አነጋጋሪዎችና ስለ መልእክት መለዋወጫዎች የሚያወሩ ጽሑፎች ያጥለቀልቋችኋል። መለያው ግን «ካታ» ነው፤ የዕፅዋት ሳይንስ ስሙ። በእሱ ከገባችሁ የየመኑም፣ የኬንያውም፣ የሐረርጌውም ጥናት በአንድ ላይ ይሰለፋል፤ ጸሐፊው በየትኛው ፊደል ቢጽፈው ለውጥ የለውም።

ጓያን የሚያውቅ የሰሜን ሰውም «ጓያ የሰበረው እግር» ሲል የሚናገረው ነገር «ላቲሪዝም» በሚል መለያ ተመዝግቦ ይጠብቀዋል። ስሙን የነገረው ሰው ስለሌለ ግን አይገናኙም።

የቦታ ስም ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። «አቃቂ» በእንግሊዝኛ በ«ኬ» ይጻፋል፣ በ«ኪው»ም ይጻፋል። «ቃሊቲ» መጨረሻው ላይ አንዴ «ዋይ»፣ አንዴ «አይ» ይሆናል። በዚያ ላይ «አቃቂ» በጆርጂያ አገር የታወቀ የወንድ ስም ነው፤ ስሙን ብቻ ጽፎ የሚፈልግ ሰው የጆርጂያ ሐኪሞች ቢመጡለት አይገረም። በመለያ መዝገቡ ደግሞ የእኛ የቦታ ሐረግ «ኢትዮጵያ» ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለውን ወንዝና ሠፈር በልዩ ልዩ አጻጻፉ ራሳችን እየጨመርን መፈለግ ግድ ነው።

🔹 የተሳሳተ መለያ የተሳሳተ መድኃኒት ነው

ይህን ስል የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ዝሆኔን እንመልከት።

ለእኛ ያበጠ እግር ሁሉ ዝሆኔ ነው። በሕክምናው ዓለም ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉበት። አንደኛው በትንኝ በሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚመጣው ነው፤ ለእሱ በዘመቻ የሚታደል መድኃኒት አለ። ሁለተኛው ከቀይ አፈር ጋር በባዶ እግር ከመኖር የሚመጣው ነው፤ በጎጃምና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ብዙ ገበሬ የተጎዳው በዚህኛው ነው። የትል መድኃኒት ለዚህ አይረዳም። መከላከያው ጫማ፣ እግርን በሳሙና መታጠብና ቁስልን መንከባከብ ነው።

ይህን ሁለተኛውን በኢትዮጵያ ሲያጠና የኖረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል ስም ሰጠው። ስሙ የተሠራው «እግር» እና «ብናኝ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው። የሳንባ ብናኝ በሽታዎች ስም ውስጥ ያለው «ብናኝ» ይኸው ቃል ነው። እንግዲህ የአቃቂው ሠራተኛ በሳንባው፣ የጎጃሙ ገበሬ በእግሩ፣ ሁለቱም የብናኝ ጉዳተኞች ናቸው።

አሁን ወደ ቋቱ እንግባ። የፖዶኮኒዮሲስ ጥናቶች በብዛት የተመዘገቡት «ኤሌፋንቲያሲስ» በሚል መለያ ነው። ከእሱ አጠገብ «ኤሌፋንቲያሲስ፣ ፊላሪያል» የሚል ሌላ መለያ አለ፤ እሱ የትሉ ነው። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያይ ችኩል ፈላጊ ረዘም ያለውን፣ ሳይንሳዊ የሚመስለውን ይመርጣል። ያ ሰው የዞን ጤና መምሪያ ዕቅድ አውጪ ነው እንበል። የሚሰበስበው ማስረጃ ስለ ትንኝና ስለ ኪኒን ይሆናል። ገበሬው የሚፈልገው ጫማ ነበር። አንዲት ከኮማ በኋላ የመጣች ቃል በጀቱን ከጫማ ወደ ኪኒን ልታዞረው ትችላለች።

🔹 ወንዙና ቆስጣው

ወደ ሠፈራችን ልመለስ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማዋን እጣቢና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው እዚህ ደርሰው ወደ አባ ሳሙኤል ይገባሉ። በዳርና ዳሩ ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ይለማል። አዲስ አበባም ይበላዋል። በዚህ ላይም «ጥናት የለም» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ፍስሐ ኢታና የተባሉ ተመራማሪ በአዲስ አበባ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ ስላለው ብረት ያጠኑት ጽሑፍ በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ታትሟል። ከዚያ ወዲህም በወንዙ ውኃ፣ በአፈሩና በአትክልቱ ላይ ብዙ ተጽፏል። ችግሩ እነዚህ ጽሑፎች በአንድ ቤት አለመሰብሰባቸው ነው። አንዱ የአፈር ሳይንስ መጽሔት ላይ ነው፣ ሌላው የምግብ ደኅንነት፣ ሌላው የውኃ ምህንድስና። «የአቃቂ ወንዝ ብክለት» የሚል መለያ የለም። ያሉት «ሄቪ ሜታልስ»፣ «በውኃ ውስጥ ያሉ ኬሚካላዊ በካዮች»፣ «የአፈር በካዮች»፣ «የምግብ ብክለት»፣ «መስኖ»፣ «አትክልት» የሚሉ የተለያዩ መለያዎች ናቸው። እነዚህን «ወይም» በሚለው ማያያዣ አንድ ላይ አስሮ፣ ከዚያ «እና» ብሎ ከኢትዮጵያ ወይም ከአቃቂ ጋር ማጋጠም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የመለያዎቹንም ድክመት መሸሸግ አልፈልግም። መዝገቡ የተሠራው አሜሪካ ነው፤ ዓይኑም የዚያ አገር ዓይን ነው። ብዙ የአፍሪካ መጽሔቶች መለያ ከሚሰጥበት የፐብሜድ ክፍል ውስጥ የሉም። ስለዚህ በመለያ ብቻ የሚፈልግ ሰው በአገራችን የታተመውን ሊያጣው ይችላል። የአፍሪካ መጽሔቶችን የያዘውን «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» የሚባለውን ድረ ገጽና የዩኒቨርሲቲዎቻችንን የመመረቂያ ጽሑፍ ማከማቻዎች ለየብቻ መፈተሽ ግድ ይላል። «ኤምቤዝ» የሚባለው ሌላው ትልቅ ቋት ደግሞ የራሱ የመለያ መዝገብ አለው፤ በፐብሜድ የሠራው ስም እዚያ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል።

🔹 ታዲያ እንዴት ይፈለግ?

ሳላረዝም፣ ሐኪም ላልሆነ ሰው የሚበቃውን ልናገር።

1. ጥያቄውን በአማርኛ ጻፉትና ከፋፍሉት። ማን ታመመ? በምን ምክንያት? ምን ዓይነት በሽታ? የት? የአቃቂው ጥያቄ «የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች፣ የጥጥ ብናኝ፣ የሳንባ በሽታ፣ ኢትዮጵያ» ይሆናል።

2. የአማርኛውን ስም ለሐኪም ወይም ለነርስ አሳዩ። «ይህን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቃል በቃል አትተርጉሙ።

3. የፐብሜድን የመለያ መዝገብ ለብቻው ክፈቱና ስሙን ፈልጉ። መግለጫውን አንብቡ። ከላይ ያለውን አባት፣ ከታች ያሉትን ልጆች ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህችን የአንድ ደቂቃ ንባብ በመዝለል ነው።

4. አንድ የሚስማማ ጽሑፍ ካገኛችሁ ወደ ታች ወርዳችሁ የተሰጡትን መለያዎች እዩ። ያ ጽሑፍ ወንድሞቹን የሚያሳያችሁ መንገድ መሪ ነው። ለእኔ ከሁሉ ብልጫ ያለው ዘዴ ይህ ነው።

5. መለያውን ከተራ ቃላት ጋር «ወይም» በሚለው አጣምሩ። አዳዲስ ጽሑፎችና ከሜድላይን ውጭ ያሉት መለያ ላይኖራቸው ይችላልና። የቦታውንም ስም በሁሉም አጻጻፍ ጨምሩ።

6. በትምህርተ ጥቅስ መጠቀም ስትጀምሩ ተጠንቀቁ። ተራ ቃል ስትጽፉ ፐብሜድ ራሱ ወደ መለያው ሊተረጉምላችሁ ይሞክራል፤ በጥቅስ ስትዘጉት ግን ትርጉሙን ያቆማል። ማያያዣዎቹንም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ።

7. የፈለጋችሁበትን ቃልና ቀን መዝግቡ። ነገ «የለም» ብትሉ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኖራል።

🔹 «አሁን ደግሞ ሁሉን የሚያውቅ ሮቦት አለ»

ይህን የምትሉ ብዙ ናችሁ። በስልካችን ያሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት አነጋጋሪዎች ይጠቅማሉ፤ «ቁንጭር በሕክምና ስሙ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው መነሻ ይሰጧችኋል። ጥናት ስጡኝ ስትሏቸው ግን ያልተጻፈ ጽሑፍ በሌለ ደራሲ ስም ፈጥረው ሊያቀርቡ ይችላሉ። የሚያስደነግጠው ደግሞ ማማራቸው ነው። «ጥናት የለም» የሚለው ሰው ያለውን ይደብቃል፤ ሮቦቱ የሌለውን ይጨምራል። ሁለቱንም የሚያጋልጠው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ቋቱ ገብቶ በትክክለኛው ስም መፈለግ።

ሌላው ተቃውሞ «ብናገኘውስ ሙሉውን ማንበብ መቼ እንችላለን? ገንዘብ ይጠይቃል» የሚለው ነው። እውነት አለው። ግን ብዙ ጽሑፍ ዛሬ በነፃ ይገኛል። በዓለም ጤና ድርጅት የሚመራው «ሂናሪ» የተባለው መርሐ ግብርም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የተከፈለባቸውን መጽሔቶች ይከፍታል። የሚከፈተው ግን ለተቋም ነው፤ ለግለሰብ አይደለም። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይና ነፃ ጋዜጠኛው ደጅ ላይ ይቀራሉ። ይህ ሊነገርለት የሚገባ በደል ነው። አጽሕሮተ ጥናቱ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ «የለም» የሚለውን ለማፍረስ እሱ ይበቃል።

🔹 ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው ለሁላችንም ነው። «ጥናት የለም» ለሚል ባለሥልጣን፣ ሥራ አስኪያጅ ወይም ባለሙያ ሁለተኛ ጥያቄ እናቅርብ፦ የት ፈለጋችሁ? በምን ቃል? መቼ? መልስ ከሌለው ዜናው «ጥናት የለም» መሆኑ ይቅር፤ «ኃላፊው ጥናት መኖር አለመኖሩን አላጣሩም» ይሁን።

ሁለተኛው ለዩኒቨርሲቲዎችና ለሆስፒታሎች ነው። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያን መጽሐፍ አውጪና መላሽ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁታል። ይህን የፍለጋ ጥበብ የተማረ ሰው ከምርምር ቡድኑ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ። ተማሪውም «በአገራችን የመጀመሪያው ጥናት ነው» ብሎ ከመጻፉ በፊት በእሱ እጅ ይለፍ። አሮጌውን ጥናት ሳያዩ አዲስ መሥራት የሠራተኛውን ደረት ደግሞ ደጋግሞ መለካት ነው፤ የሚድን ሰው የለበትም።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። የሜሽ መዝገብ ወደ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛና ሌሎች ቋንቋዎች ተተርጉሟል። አማርኛ ከእነሱ መካከል የለም፤ አፋን ኦሮሞም ትግርኛም የሉም። 30 ሺውን ሁሉ ተርጉሙ አልልም። የአገራችንን ሕዝብ የሚያጠቁ ጥቂት መቶ በሽታዎችና መንስኤዎች በአንድ በኩል የሕዝቡ ስም፣ በሌላ በኩል የመዝገቡ መለያ ተጽፎላቸው በነፃ ቢለቀቁ ይበቃል። ቁንጭር ከሌሽማኒያሲስ፣ ጓያ ከላቲሪዝም፣ «ሰኞ ሰኞ ያፍነኛል» ከቢሲኖሲስ ጎን ይቀመጡ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አንድ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ቢተባበሩ ይህ የሚያቅት ሥራ አይደለም፤ ፋብሪካ ከመገንባት እጅግ ይረክሳል።

ለምን ይህን ያህል ደከምኩበት? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታ ይደነግጋል። ሕግ አለ ማለት ነው። ጥናትም አለ። መሐል ላይ የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ስም ነው። የበሽታውን ስም የማያውቅ ሠራተኛ «ብርድ መታኝ» ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ስሙን የሚያውቅ ሠራተኛ ግን «በሥራዬ ምክንያት የመጣ በሽታ ነው፣ ማስረጃውም ይኸው» ብሎ ይቆማል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ዘንድ በሽታውን የደበቀው ሰው ሳይሆን ስሙ ነው።

በየሠፈራችሁ «ጥናት የለም» የተባለበት ጉዳይ ካለ የአካባቢውን የበሽታ ስም ጨምራችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። በመዝገቡ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ አብረን እንፈልጋለን።